ረጅሙን ሌንስ መልሼልሻለሁ

እሑድ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ

ጠዋት ጉም ነበር፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ጠርቶ ፀሐዩ እስከ ማታ ከረረ። ሰርቦ ለሰርግ ሄደን ነበር። እኔና ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ቆንጂት አብረን ሄድን፤ አባትሽም ከነፈረሳቸው ነበሩ።

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንዴት ነሽ? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይናገራል እንጂ ሌላው አካሌ ዝም ብሏል። ዘንድሮ ቡናው በዙሪያችን ላሉት ለየቡም ለሰርቦም ሰዎች ጥሩ ሰጥቷል፤ ስለዚህ ሰርጉ በዝቷል፤ ሰርግ ሲበዛ ደግሞ እኔ ፎቶ አንሺዋ ሥራ አላጣም።

ከሁሉ በፊት ምስጋናዬን ተቀበይኝ። ባለቤትሽ ከሱቁ ሁለት ሌንስ በአንድ ካርቶን አድርጎ፣ «ሞክሪያቸውና የወደድሽውን አስቀሪ» ብሎ ሲልክልኝ፣ ካርቶኑን ከፍቼ ሳልነካው ብዙ ቆየሁ። ሰው መርጦ የሰጠኝ ነገር ብዙ ነው፤ አንቺው ምረጪ ያለኝ ግን አልነበረም። አንቺም ድሮ እንዲሁ ነበርሽ። ትምህርት ካቆምኩ በኋላ ስኳር የተጠቀለለበትን የመጽሔት ቅዳጅ ከየሱቁ እየለቀምሽ ታመጪልኝ ነበር። ስለ ካሜራ መጀመሪያ ያነበብኩት ከእነዚያ በአንዱ ላይ ነው። የላይኛው ግማሽ ተቀዶ ስለነበር፣ ብርሃን እንዴት እንደሚለካ የተማርኩት ለምን እንደሚለካ ሳላውቅ ነው። እስከ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው፤ ይህን ሳላመሰግንሽ ብዙ ዓመት አለፈ።

አሁን ወደ ጉዳያችን ልምጣ። «አባቴን ፈረስ ላይ እንዳሉ አንድ ጊዜ አሳዪኝ፤ እሳቸው ሳያውቁ ከሩቅ አንሺያቸው» ብለሽኝ ነበር። ለዚህም ረጅሙን ሌንስ እንዳስቀር መክረሽኛል። ምክርሽ ገብቶኛል። ያኔ የጭነት መኪና ይነዳ ከነበረው ከባለቤትሽ ጋር ከሄድሽ ወዲህ በቤታቸው ስምሽ አይነሳም። ዘንድሮ ደግሞ ሐኪም ዳሌያቸውን አይቶ ፈረስ ከልክሏቸዋል፤ ፈረሳቸውን ጨብሳን ለወንድማቸው ልጅ ሊሰጡት ነው። ሰዉ አሁንም በፈረሳቸው ስም አባ ጨብሳ ይላቸዋል፤ እንግዲህ ስሙ ብቻ ይቀርላቸዋል ማለት ነው። የዛሬው የጎረቤታቸው ሰርግ የመጨረሻ ግልቢያቸው እንደሆነ አስቀድሜ ሰምቼ ነበር። ዛሬ ፎቶ ካልተነሱ ሌላ ቀን የለም።

ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ሌንሶች ይዤ የቡ ገበያ ሄጄ፣ ቡና ጭነው በሚገቡት ፈረሶች ላይ ሞክሬያቸው ነበር። ረጅሙ፣ ባለ ስድስት መቶ ሚሊ ሜትሩ፣ ማዶ ኮረብታ ላይ ያለ ፈረስ ጆሮውን ሲቀስር ያሳይሻል። እንደ ወሬ ነው፤ የማይደርስበት የለም። ነገር ግን በረዘመ ቁጥር ይጨልማል። ብርሃን ሲያንሰው ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ሹተሩን፣ ማዘግየት ግድ ይላል፤ የሚሮጥ ፈረስ ደግሞ አይጠብቅም። ዙሙ ሲወጣና ሲገባ አቧራ ይስባል። ቀትር ላይ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ውኃ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። አጭሩ፣ ከሰባ እስከ ሁለት መቶው፣ ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። ፎከሱ ቶሎ ይይዛል፤ ፈረሱ ወደ አንቺ ሲጋልብ ዙሙን እየመለስሽ እስከ አፍንጫው ትከተይዋለሽ። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ መቅረብ ይፈልጋል። ከቀረብሽ ደግሞ ትታያለሽ።

ዛሬ እንዳልሽኝ ረጅሙን ገጥሜ ሜዳው ዳር ካለ ዋንዛ ሥር ቆምኩ። ቆንጂት አየችውና፣ «አንቺ፣ ሙሽራውን ልታነሺው ነው ወይስ ልትተኩሺበት? ሰው ፖሊስ ሳይጠራብን ሸፍኚው» ብላ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። ከነጠላው ሥር ሆኜ አባትሽን ፈለግኩ። ያገኘኋቸው ከሜዳው ማዶ፣ ከአንድ ቤት ጓሮ ነው። ሁለት ጎረምሶች ወደ ኮርቻው እያነሷቸው ነበር። በመጀመሪያው አልሆነላቸውም። በሁለተኛው ሲወጡ አንድ እግራቸውን በእጃቸው አንስተው እርካቡ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ግንባራቸውን የፈረሱ ጋማ ላይ ደፍተው ቆዩ። ጓሮ የገቡት ሰው እንዳያያቸው ነው፤ እኔ ግን አየኋቸው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። «አባቴን አሳዪኝ አለች እንጂ ስረቂልኝ አላለችም» አልኩ ለራሴ። ምናልባት እንደዚያም ማለትሽ ይሆናል፤ ከሆነ ይቅር በይኝ።

ረጅሙን ፈትቼ አጭሩን ገጠምኩና ሜዳውን አቋርጬ ሄድኩ። ቆንጂት ከኋላዬ፣ «እሺ፣ ሲያስረግጡሽ እኔ እዚህ ሆኜ አያለሁ» አለችኝ።

አባትሽ ሰላምታዬን ተቀበሉኝ። ፎቶ ላንሳዎት ወይ ብላቸው፣ «ሙሽራው በዚያ በኩል ነው፤ መንገድ ሳትሽ እንዴ፣ ኢንተላ?» አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ልጃገረድ ብሎ የሚጠራኝ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። የምፈልገው እርስዎን ነው አልኳቸው። «ሽማግሌ ምን ያደርግልሻል? ፎቶ ቤትሽ በር ላይ ሰቅለሽ ገበያሽን ልታባርሪ ነው?» አሉ። አልሰቅለውም፣ ለሚፈልግ ሰው የሚላክ ነው አልኳቸው። ማነው ብለው አልጠየቁኝም። ልጓሙን አሻሹና፣ «ሩቅ ነው የሚሄደው?» አሉኝ። አዎ አባባ፣ ሩቅ ነው አልኩ። ስምሽን ለመጥራትም ላለመጥራትም ፈራሁ። እሳቸው ቀና ብለው ፀሐዩን አዩና፣ «በየት በኩል ልምጣልሽ?» አሉኝ።

ሌላው ፈረሰኛ ሁሉ ወደ ሙሽራው ሲጋልብ እሳቸው ወደ እኔ ጋለቡ። የሹተሩን ፍጥነት ከሺህ በላይ አድርጌ፣ ፎከሱ ፈረሱን እየተከተለ እንዲሄድ አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። ጨብሳ አራቱም እግሩ ከመሬት ተነስቶ፣ ሣሩን ወደ ኋላ እየበተነ መጣ። ነፋሱ የጥምጥማቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ አልብሶት ነበር እንጂ ፈረሱ ፀጉሩ ሳይቀር ይቆጠራል። እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ተመልሰው ደገሙልኝ። በቃኝ ብዬ ካሜራውን ላወርድ ስል ግን በዋንዛው ጥላ በኩል ዞረው ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ጥምጥማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል። ለጥላው ብዬ የሹተሩን ፍጥነት ዝቅ እንዳደረግኩ፣ ሌላውን ሳላስተካክል ደረሱብኝ። በቀጥታ ወደ ሌንሱ ነበር የሚያዩት። እጄ ፊታቸውን ተከትሎ ስለዞረ ፊታቸው ጠርቶ ወጣ፤ የፈረሱ እግር ግን ቀለጠ፣ ጋማውም ጭስ መሰለ። ቤት ገብቼ ሳየው በራሴ ተናደድኩ።

ሰፈራችን ዛሬ መብራት የለውም። የመጀመሪያውን፣ ያን ጥርት ያለውን፣ ነገ አትሜ እልክልሻለሁ።

ሰኞ ጠዋት።

መብራት መጥቷል። ፎቶ ቤቱን ልከፍት ስሄድ አባትሽን በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሐኪም ቤት መጥቼ ነው አሉኝ፤ ሐኪም ቤቱ ግን በሌላ በኩል ነው። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ከጎረቤት ሻይ አስመጣሁላቸውና ምስሎቹን በኮምፒዩተሩ ከፈትኩላቸው። እግሩ ከመሬት የተነሳውን አስቀድሜ፣ ትንሽም እየተኩራራሁ፣ የምልከው ይህን ነው አልኳቸው። ጠጋ ብለው አዩት። «ጨብሳን ደህና አድርገሽ ይዘሽዋል፤ እጅሽ ይባረክ» አሉ፤ በጣታቸውም ቀጥዪ አሉኝ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። ይኼኛው ተበላሽቷል አባባ፣ ፈረሱ ጠፍቷል አልኳቸው።

የት እንደምትኖሪ፣ ልጆች እንዳሉሽም ከእኔ ሰምተው አያውቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ፈረስማ ድሬዳዋም አለ። ልጆቹ የማያውቁት እኔን ነው። ይኼን ላኪ» አሉኝ።

አተምኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሁለት ወፍራም ወረቀት መሐል ታገኚዋለሽ። አጭሩን ሌንስ አስቀርቻለሁ፤ ረጅሙ ምንም ሳይሆን ተመልሶልሻል፤ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም። ባለቤትሽን እጁ ይባረክ፣ ሱቁ እንግዳ አይጣ በይልኝ። አንቺ አላህ፣ እኔ እግዚአብሔር ብለን የምንጠራው አንዱ ጌታ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ ዕድሜ ሰጥቶ ፊት ለፊት ያገናኘን።

አሁን ካርቶኑን ልዘጋ ነው። አባትሽ ሻዩን ጨርሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ዳሌዎን ያምዎታል፣ ካርቶኑን ለተሸካሚ እሰጠዋለሁ ብላቸው እንቢ አሉኝ፤ እስከ መናኸሪያ ይዘውት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።

አብሮ አደግሽ