ስሙ የተያዘ ነው

አስማረዬ፣

እንዴት ነህ ብል የሚመልስልኝ የለምና ከራሴ ልጀምር። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ይፈራል።

ቤቱ ትንሽ ተለውጧል። ልብሶችህን ለወንድምህ ልጆች ሰጠሁ። የዝናብ ካፖርትህን ብቻ አስቀረሁ፣ እኔው እለብሰዋለሁ። ቁም ሣጥንህ አሁን የወረቀት መደርደሪያ ነው፤ ጠረጴዛህንም ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ኮምፒውተር አስቀመጥሁበት። ቤታችን የመጽሔት ዝግጅት ክፍል ሆኗል። አዎ፣ አስመዘገብሁ። አትቆጣ፤ ወንበርህ ላይ አሁን የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣልህ። አንተ በዚያ ቢሮ የጋዜጣና የመጽሔት መዝጋቢ ሳለህ፣ እኔ ስለ ጣናና በዳርቻው ስለሚኖሩ ሰዎች የምትጽፍ መጽሔት ላቋቁም ተነሣሁ። ስሟንም ታንኳ በሚሠራበት በሐይቁ ዳር ተክል «ደንገል» ብዬ አወጣሁላት። ቅጹን ሞልቼ ብሰጥህ ሳታየው መለስህልኝ። እኔ እዚያ ወንበር ላይ እያለሁ የሚስቴ ስም መዝገብ ውስጥ አይገባም፣ ጡረታ ስወጣ ታስመዘግቢያለሽ አልኸኝ። ሕጉ ይከለክላል ወይ ብልህ፣ ሕጉማ አይከለክልም፣ ሰው ምን ይላል አልህ። ያን ክረምት በሙሉ ተኳረፍን። ዓባይ ዳር ስንሄድ እንኳ እኔ ፊት አንተ ኋላ ነበርን፤ ጎን ለጎን የቆምነው ጉማሬ ያየን ቀን ብቻ ነው። በኋላ ታረቅን እንጂ ቂሙ ከሆዴ አልወጣም። ጡረታህ ስምንት ወር ሲቀረው ልብህ ቆመ። እንባዬ ሳይደርቅ ተናድጄብህ እንደነበር ዛሬ ልናዘዝ።

ባለፈው መስከረም ቅጹን ይዤ ሄድሁ። በቦታህ የተተካችው አንተ ያሠለጠንሃት ሰብለ ናት። ወንበር ሳበችልኝ፣ ስላንተ ስታነሣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያም የአድራሻ ማረጋገጫ ከቀበሌ ካላመጡ አልቀበልም ብላ መለሰችኝ። በባጃጅ ቀበሌ ደርሼ እስክመለስ ስወቅስ የነበረው አንተን ነው፤ ልጅቷ ቁርጥ አንተን ናት።

ማረጋገጫውን ይዤ ስመለስ ስሙ በሌላ ሰው አለመያዙን ማጣራት ጀመረች። ግራ ገባት። «ደንገል» የሚለውን ስም ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የቆላ ድባ መምህር ለተማሪዎች መጽሔት ጠይቆበት ነበር። ማመልከቻው ግርጌ ላይ «ስሙ የተያዘ ነው» ተብሎ ተጽፎ ተመልሷል። ጽሑፉም ፊርማውም ያንተ ነው። ማን እንደያዘው ግን መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ብታገላብጥ አላገኘችም። እትዬ፣ ጋሼ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠሩም ነበር እኮ አለችኝ። ቀኑን አየሁት። የተኳረፍንበት ክረምት ነው።

ለካ ቅጼን አንብበኸው ኖሯል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ትወድ ነበር፤ ያንተም ጠራ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ቤት ገብቼ ካፖርትህን አቅፌ አለቀስሁ። በማግሥቱ ግን የቆላ ድባው ሰውዬ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። እኔን ብትመልሰኝ ሚስትህ ነኝ፣ እችልሃለሁ። እሱ ሐይቁን ዞሮ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ በሌለ ምክንያት ተመለሰ። ምን በደለህ?

ሰብለን ለመንኋትና ደውላ አገናኘችኝ። ሁሉንም ነገርሁት። ሌላ ስም ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፣ ከዚያ ሥራ ያዘኝና በዚያው ቀረ አለ። የተማሪዎቹን ጽሑፍ እስካሁን በካርቶን አስቀምጦታል። ልጆቹ ራሳቸው ወልደው ልጅ ስመዋል አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመልሼ ሄጄ ቅጼ ላይ «ደንገል» የሚለውን ሰረዝሁና «ዳርቻ» ብዬ ጻፍሁ። ለሰብለም እውነቱን ነገርኋት። ጋሼም ሰው ኖረዋላ አለች።

የምስክር ወረቀቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። አሳታሚም ዋና አዘጋጅም እኔ ነኝ። መምህሩም ባለፈው ማክሰኞ ካርቶኑን ተሸክሞ ባሕር ዳር መጣና የ«ደንገል»ን ማመልከቻ አስገባ። ቤት ወስጄ ዓሣ ጠብሼ ምሳ አበላሁት። ፎቶህን ቀና ብሎ አየና መብላቱን ቀጠለ።

በቀብርህ ዕለት የተናገሩት ሁሉ አንድም ቀን ለማንም ያላዳላ ሠራተኛ አሉህ። እኔም ያን ሰው አከብረው ነበር፤ አብሮት መኖር ግን ቀላል አልነበረም። አሁን የማስታውሰው ሌላውን ነው። ሚስቱ አኩርፋው ሳለ፣ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሆኖ ለእሷ ሲል የዋሸውን። ጥፋቱን አስተካክዬልሃለሁ። ያቺን ውሸትህን ግን እስክሞት አልረሳልህም።

ሚስትህ የሺ