ያልታሸገው ግድግዳ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አንድ ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ስለ አየሩ አወራሁሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከመምጣትሽ በፊት እንዲደርስሽ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላውራሽ። ያ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ትናንት ተዘጋ። አዳራሹን ስንረከበው ባዶ መጋዘን ነበር። አናጺዎቹ በኮምፐርሳቶ ክፍል ክፍል አድርገው ከፋፈሉት፤ እኛ ቀቢዎቹ መጋጠሚያውን በስቱኮ ደፍነን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን ነጭ ቀባነው። እኔ ጥግ ጥጉን በትንሽ ብሩሽ ስከተል አለቃችን ይስቅብኛል።

“እመቤት፣ ግድግዳ እኮ ነው የምትቀቢው፣ ሙሽራ አይደለም!”

“ሙሽራማ አንድ ቀን ናት የምትታየው፤ ይሄ አምስት ቀን ይታያል” አልኩት።

የኤግዚቢሽኑን ነዳፊ ብታዪያት ትወጃታለሽ። የትኛው ሥዕል የት እንደሚሰቀል፣ ሰው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። አንድ ቀን በየሥዕሉ ሥር የሚለጠፈውን መግለጫ ለራሴ ሳነብ ደረሰችብኝ። “እማማ፣ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ፤ የተደናቀፉበትን እናስተካክላለን” አለችኝ። ከአንቺ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ፊደል የቆጠርኩት ሴትዮ ሃያ ስድስት ቦታ ተደናቀፍኩ። ሃያ ስድስቱንም አስተካከለች። ሥዕሎቹንም ዝቅ አድርጋ አሰቀለች፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰውም ዓይን አለው ብላ። አልጋ ላይ ሆኖ ሁሉን ከታች ያይ የነበረው አባትሽ ትዝ አለኝ።

ለጎብኚው ደግሞ አንድ ግድግዳ ባዶውን ተወችለት፤ በማርከር የፈለገውን እንዲስልበት። በየቀኑ ከሰዓትም ውይይት ነበር። በሦስተኛው ቀን ተራው የሠራተኞቹ ሆነና እኔን ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ “ከቀቡት ሁሉ የከበደዎት የትኛው ግድግዳ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“የቤቴ” አልኩና እጄ ላይ የደረቀውን ቀለም መፋቅ ያዝኩ።

ነዳፊዋ ጎንበስ ብላ “መናገር አይገደዱም” አለችኝ።

“እናገራለሁ” አልኳት፤ “ግን መጀመሪያ ለልጄ ነው።”

እንግዲህ ስሚኝ። አባትሽ ታሞ በተኛበት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ በጥቁር ማርከር የሳልሽውን የእሱን ሥዕል፣ እንደነገርኩሽ አከራዩ አላስቀባውም። እርጥበት ገባ ያልኩሽም ውሸት ነው። በተቀበረ በሳምንቱ፣ አንቺ ፈተና ልትፈተኚ በሄድሽበት፣ እኔ ነኝ የቀባሁት፤ በገዛ እጄ። ዓይኖቹ ወደ በሩ፣ እኔ ወደምገባበት ያዩ ነበር። በመጨረሻዋ ሳምንት ሲጠራኝ ስንቴ “ቆይ እስቲ” እንዳልኩት አንቺ አታውቂም። እሱ ግን ያውቃል።

ከፈተናው ስትመለሺ ፊትሽን አየሁና ውሸቱ ከአፌ ወጣ። ምስኪኑ አከራይ! ከአገር እስክትወጪ ድረስ ሰላምታ ነፈግሽው። “ልጅሽን ምን አደረግኳት?” ሲለኝ “ዓመሏ ነው” እለው ነበር። አሁን እሱም ሞቷል።

ማርከርን ግን ነጭ ቀለም አይሸፍነውም። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ትከሻው በነጩ ውስጥ ብቅ አለ። ደግሜ ቀባሁት። ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ቁም ሣጥኑን ገፍቼ ከለልኩት። በፎቶ አይተሽ “ምነው መስኮቱን በግማሽ ዘጋሽው?” ያልሽኝ ለዚህ ነበር።

ትናንት ሁሉም ሲነቃቀል፣ ኮምፐርሳቶው ለሚመጣው ዓመት ስለሚፈለግ፣ የጎብኚዎቹን ግድግዳ እንድቀባ ታዘዝኩ። አለቃዬ አንድ ጣሳ አቀበለኝ። “መጀመሪያ በዚህ ማሸጊያ ቀለም ካልመታሽው ማርከሩ ብቅ እያለ ይስቅብሻል። አንዴ ከታሸገ ግን እስከ ወዲያኛው አይወጣም” አለ። ስጨርስ የተረፈውን “ውሰጂው፣ ለቤትሽ ይሆናል” አለኝ።

አንቺ ልትመጪ ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል። አንድ እጅ ብቀባው ምንም ሳታውቂ መጥተሽ ትሄጂ ነበር። ጣሳውን እስከ አዳራሹ በር ድረስ ይዤው ሄድኩ። ከዚያ ተመልሼ ቦታው አስቀመጥኩት።

“ምነው፣ ከበደሽ?” አለኝ አለቃዬ።

“አዎ” አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ብቻዬን ገፋሁት፤ ጉልበቴን ያመመኝም ለዚህ ነው። ግራ ትከሻው፣ ጆሮው፣ የአንገቱ መስመር ወጥተዋል። ዓይኖቹ ገና ናቸው።

ብትቆጪ እውነትሽን ነው። ትኬቱን ብትቀይሪውም አልፈርድብሽም፤ አልጋሽን ግን አንጥፌዋለሁ። ከመጣሽ ማርከር እንዳትገዢ። ነዳፊዋን ለምኜ ከጎብኚዎቹ የተረፈ አንድ ጥቁር አምጥቻለሁ። ክዳኑን ከፍቼ ሞክሬዋለሁ፤ ይጽፋል።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። የእጅሽን ሥራ ፈጣሪ ይባርክልሽ፤ ያኔ እኔ ሳልባርከው የቀረሁትን።

እናትሽ