ማሳውን ባዶ ያላሳደሩት መምህር ሌኦንሲዮ ፓንሶይ

መምህር ሌኦንሲዮ ፓንሶይ ከአባታቸው ከማርሴሎ ፓንሶይና ከእናታቸው ከብሪሂዳ ታምሲ እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1938 በፓናይ ደሴት፣ በሊናዋን ከተማ ዳርቻ በምትገኘው በባሮሶንግ መንደር ተወለዱ። ዕለቱ የገበሬዎች ጠባቂ የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ስለነበር ቄሱ ልጁ ኢሲድሮ ይባል ብለው ነበር። እናታቸው ግን እሺ አላሉም። "አባ፣ በእኛ መንገድ አራት ኢሲድሮ አለ። አንዱን ለምሳ ስጠራ አምስቱም ይመጡብኛል" ብለው በአያታቸው ስም ሌኦንሲዮ አስባሏቸው። ከእሳቸው በታች ያለነው ሁሉ ማኖንግ ሲዮ እያልን አደግን፤ ታላቅ ወንድም ሲዮ ማለታችን ነው። ኢሲድሮ የሚለው ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቃቸውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በሊናዋን ደብር ትምህርት ቤት ተከታትለው በጥሩ ውጤት ጨረሱ። ወዲያው አባታቸው በማረፋቸው ደብተራቸውን ዘግተው የሀገረ ስብከቱን የሩዝ ማሳ በካራባው ጎሽ ማረስ ጀመሩ። ማሳው ከጳጳሱ ቤት አጥር ሥር ስለነበር ጳጳሱ ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸውን እየደገሙ ሲመላለሱ ያዩዋቸው ነበር። አንድ ቀን ማኖንግ ሲዮ ለጎሹ የላቲን ግሥ እያረቡ ሲያርሱ ሰሟቸው አሉ። በ1961 ሀገረ ስብከቱ በጳጳሱ ቤት ምድር ቤት ኮሌጅ ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ የመምህርነት ተማሪዎች አንዱ እንዲሆኑ ያደረጓቸውም እኒሁ ጳጳስ ናቸው። ጠዋት ያርሳሉ፣ ከሰዓት ይማራሉ።

ኮሌጁ ያን ጊዜ የነበሩት ሁለት ክፍሎች ብቻ ነበሩ፤ መምህርነትና ንግድ። ጳጳሱ የተማሩ ሰው ስለነበሩ ኮሌጁን በሊቁ በቅዱስ ኢሲዶሮ ስም ሰየሙት፤ መጽሐፍ ይዞ በሚሣለው ጳጳስ ማለት ነው። የእኛ ሰው ግን ኢሲዶሮ የሚባል ቅዱስ መኖሩን ሰምቶ አያውቅም። ለከተማችን እንጨት ቀራጺ ለማኖንግ ፓስኳል ምስሉን ቅረጽ ተብሎ ሲነገረው፣ የሰማው የሚያውቀውን ስም ነው። በአፕሪል 1962 ምዕመኑ በኮሌጁ በር ላይ ተሰብስቦ፣ ማርሽ ባንዱ ተሰልፎ ጨርቁ ሲገፈፍ፣ የሣር ባርኔጣ ያደረገ ገበሬ ከነማረሻው ከነጎሹ ቆሞ ተገኘ።

"ይህ ማነው?" አሉ ጳጳሱ።

"ቅዱስ ኢሲድሮ ነዋ፣ ብፁዕነትዎ" አለ ቀራጺው።

"መጽሐፉ የታለ?"

"ሁለት እጁም ማረሻ ላይ ነው። በየት በኩል ይያዘው?"

ገበሬው ሁሉ ተንበርክኮ ነበር። ጳጳሱ ምስሉ ወደ አንድ መንደር ጸሎት ቤት ይወሰድ፣ ሌላ ይሠራ ብለው ሲያዙ ማኖንግ ሲዮ ከተማሪዎቹ መካከል ወጡ። "ብፁዕነትዎ፣ እሱ ከወጣ እኔም ጭቃዬን ይዤ መውጣቴ ነው። በዚህ ግቢ እግሩን ጭቃ የነካው ከእኔና ከእሱ ሌላ የለም" አሉ። ጳጳሱም "እንግዲያው እግራችሁን ታጥባችሁ ግቡ" አሉ። ምስሉ በዚያው በር ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ዲፕሎማው ላይ ኢሲዶሮ ይጻፋል፣ በአፍ ኢሲድሮ ይባላል፤ የሁለቱም በዓል ይከበራል፣ ሁለት ጊዜ አሳማ ይታረዳል። የተጣላ የለም።

በ1965 በመምህርነት ከተመረቁ በኋላ ጳጳሱ ወደ ሉዞን ደሴት ልከው እርሻ አስተማሯቸው። በ1966 በዚያው ባረሱት ማሳ ላይ የእርሻ ክፍል ተከፈተና የመጀመሪያው መምህር ሆኑ። ጭቃው ውስጥ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። ጳጳሱን ለምነው የመምህርነት ተማሪ ሁሉ አንድ ወቅት ሩዝ እንዲተክል አስደረጉ። ሩዝ የሚተከለው ወደ ኋላ እየተሄደ ነው። "የሠራችሁት ሁሉ ከፊታችሁ ይታያችኋል። ጠማማ ከሆነ ልጆቹም ያዩታል" ይሏቸው ነበር። ከዚህ ኮሌጅ የወጡ አስተማሪዎች በየደሴቱ አሉ፤ ወገባቸውን እንዴት እንዳመማቸው እስካሁን ያወራሉ።

በ1967 በንግድ ክፍሉ የጽሕፈት መኪና ታስተምር ከነበረችው ከኦብዱሊያ ካታሉኛ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። ሠርጉ ከአጨዳ በኋላ እንዲሆን ሁለት ጊዜ ተላልፏል። እኛ ታላቅ እህት ለማለት ማናንግ የምንላት ኦብዱሊያ "ጣውንቴ ሩዝ ናት" እያለች ትቀልድ ነበር፤ ቢሆንም የአራሹን ምሳ ከማሳው ዳር ያጓደለችበት ቀን አልነበረም። ሬይናልዶ፣ ማሪቼልና ጆሴሊን የተባሉ ልጆች ወልደው አስተምረው ለቁም ነገር አብቅተዋል።

ኮሌጁም አደገ። የነርሶች ክፍል ተከፈተ፣ ከዚያ የኮምፒውተር፣ ከዚያ የፖሊስነት። ወላጅ ሁሉ ልጁ ወይ ባሕር ማዶ የሚሠራ ነርስ ወይ ፖሊስ እንዲሆንለት የሚመኝበት ጊዜ መጣ። በ2004 ለነርስነት የሚመዘገበው ሰው ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ሲሰለፍ በእርሻ ክፍል የቀሩት ተማሪዎች በአንድ ጂፕኒ ታክሲ ተጭነው የሚያልቁ ነበሩ። ቦርዱ የእርሻ ክፍሉ ተዘግቶ በማሳው ላይ የነርሶች ሕንፃ ይሠራ ብሎ ወሰነ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ልጆቹ መማሪያ ቦታ አልነበራቸውም።

ማኖንግ ሲዮ ጡረታ ወጥተው ነበር። ያኔ የኮሌጁ አስተዳዳሪ ለነበሩት ለካህኑ ለሞንሲኞር ፋውስቶ "መሬት ቀያሹ መቼ ነው የሚመጣው?" አሏቸው። ሰኞ ተባሉ። "ደግ" ብለው ሄዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው፣ ያስተማሩትን ሁሉ እኛ ዳግያው ለምንለው ለደቦ ጠሩ። ሰኞ ቀያሹ መለኪያውን ተሸክሞ ሲደርስ ማሳው ግማሽ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ አገኘው። በእኛ አገር ደግሞ የተተከለ ማሳ እስኪታጨድ ማንም አይረግጠውም፤ ቄስም ቢሆን።

"ማን ፈቀደላችሁ?" አለ ቀያሹ።

"ና ቶቶ ልጄ፣ መጀመሪያ ብላ። መሬቱ አይሮጥም" አለችው ማናንግ ኦብዱሊያ ከነድስቷ።

ሞንሲኞር ፋውስቶ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ማሳው ዳር መጡ። "ማኖንግ ሲዮ፣ ይሄ እኮ አመፅ ነው" አሉ።

"አይደለም ሞንሲኞር፣ ሩዝ ነው።"

"መቼ ይታጨዳል?"

"ሲደርስ።"

ሲደርስ ታጨደ። ችግኙ ግን በማኖንግ ሲዮ ጓሮ በቅሎ ይጠብቅ ስለነበር ከፊት ሲታጨድ ከኋላ እየታረሰ እንደገና ተተከለ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ቀያሹ በመጣ ቁጥር ማሳው አረንጓዴ ነበር፤ በመጨረሻ መለኪያውን ትቶ ማንኪያውን ይዞ መምጣት ጀመረ። ሞንሲኞር ፋውስቶ ስቀው ስቀው ሲያበቁ፣ ራሳቸው ከካህናቱ ጋር ይጫወቱበት የነበረውን የቴኒስ ሜዳ ለነርሶቹ ሕንፃ ሰጡ። እሳቸውም አሁን ዐርፈዋል፤ ውለታቸውን ቤተሰባችን አይረሳውም። የእርሻ ክፍሉም አልተዘጋም፤ ዛሬ አንድ ጂፕኒ አይበቃውም።

መምህር ሌኦንሲዮ በ2016 አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ግራ ጎናቸው ሰነፈ። በቴኒስ ሜዳው ሕንፃ የተማሩ ነርሶች ናቸው ቤታችን እየተመላለሱ ያጠቧቸው፣ ያገላበጧቸው፣ እንዲራመዱ የደገፏቸው። አንዷን ነርስ "ማሳውን ባለማግኘታችሁ ተቀይማችኋል?" ብለው ጠየቋት። "ምን ያስቀይማል ማኖንግ፣ ጭቃ ውስጥ መርፌ አይወጋም" አለቻቸው። በዚያ ቀን በግማሽ ፊታቸው ሲስቁ አየናቸው።

ዘንድሮ በማሳው ላይ አዳራሽ ይሠራ የሚል ወሬ እንደገና ተነሣ። ይህ ሲሆን ማሳው ገና ታጭዶ ባዶውን ነበር። ማኖንግ ሲዮም ሕመሙ ጠንቶባቸው ከንግግራቸው የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ "ተተከለ?" ይሉት ነበር። አልተተከለም ነበር፤ ሊዋሻቸው የደፈረም አልነበረም። ኦክቶበር 21 ቀን 2018፣ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው፣ ምሥጢረ ቀንዲል ተቀብለው፣ ቤተሰባቸው በዙሪያቸው ተሰብስቦ ዐረፉ።

በእኛ ወግ ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ሙቱ ብቻውን እንዳይሆን ካርታ እየተጫወተ አብሮት ይቆያል። ማናንግ ኦብዱሊያ ግን ወደ ጠረጴዛዎቹ መጥታ "ካርታውን አስቀምጡና ማሳ ውረዱ። እሱን እኔ አጫውተዋለሁ" አለች። ነርሱም፣ የፖሊስ ተማሪውም፣ ሽማግሌ መምህራኑም ወረዱ። ያ ቀያሽም ሸብቶ መጥቶ ነበር። አዲሱ የኮሌጁ አስተዳዳሪ አባ ጄራርዶ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ የተከሉት መስመር ጠማማ ነው፣ ማንም ግን አላረመውም። ስለ አዳራሹ ምን እንዳሰቡ አልነገሩንም። ከአጨዳ በፊትም አንጠይቃቸውም።

መምህር ሌኦንሲዮ ባለቤታቸውን ኦብዱሊያን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን ሶፍሮኒያን፣ ይህን የጻፍኩትን የእህታቸውን ልጅ ኔሊዳን፣ እንዲሁም ወደ ኋላ እየሄዱ መትከል ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ላስታመማችኋቸው፣ በለቅሶአችን ለቆማችሁ፣ ወገባችሁን ላጎበጣችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ጌታ ነፍሳቸውን ከኢሲዶሮም ከኢሲድሮም ጋር በአንድ ማዕድ ያስቀምጥልን።

ቀብሩ በማሳው ዳር አልፎ፣ በር ላይ ካለው ምስል ሥር ጥቂት ቆሞ ይሄዳል። ስናልፍ ማንም እንዳይረግጥ አደራ።

ማኖንግ ሲዮ፣ ተተክሏል።