ባዶ የቀሩት ዘጠኝ ቀናት

ጥር 6፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል
ወንዙን ለካሁ። ከትናንቱ ሁለት ጣት ወርዷል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ። አሳይታ ላይ እንዲህ ያለ ጠዋት በዓመት ጥቂት ነው። ጉልበቴም ደኅና። ምን ጎደለኝ?

ከቀኑ 6 ሰዓት
ደብዳቤ መጣ። ዩኒቨርሲቲያችን ለምርምር ከመንግሥት የሚያገኘው በጀት ሊቆረጥ ነው። ለምርት ዘመቻው የማይጠቅም ጣቢያ ይዘጋል ይላል። የእኛም የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ስም አለበት። አዋሽን ስለካ ሁለት መንግሥትና አራት ኃላፊ አሳልፌያለሁ። እኔ ስለለካሁ ጥጥ አይበቅልም፤ እውነት ነው። ወንዙ ሲሞላ ጥጡ የት እንደሚደርስ ግን ለኮሚቴው ማን ይንገረው? ኃላፊያችን ዶ/ር ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ይመጣል። የወንዙን መዝገብ ይዞ ሊከራከር ነው።

ጥር 9
ዶ/ሩ ደረሰ። ሎጊያ ከሹፌሮች ጋር አድሮ፣ አቧራ ለብሶ። መዝገቡን ገልጦ በሸለቆው ሁሉ እንዲህ ያለ የለም አለ። ደስ አለኝ፤ ደብተሬ ሆይ፣ ካንተ አልደብቅም። ነሐሴ ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። ዘጠኝ ቀን ባዶ። ወባ ጥሎኝ ነበር። ትልቁ ጎርፍም ያኔ ነው የመጣው። ስላላየሁ አልጻፍኩም።
ከፊትና ከኋላ ያለውን ይዘን በግምት እንሙላው አለኝ። «ማን ያውቃል?» አለ።
«እኔ» አልኩት።
በእኔ ግትርነት ጣቢያው ሊዘጋ እንደሆነ በለዘበ ድምፅ አስረዳኝ። ይዘጋ አልኩ። ራት አብረን አልበላንም።

ጥር 10
ምሳ የምበላው የወሎዋ ወ/ሮ ዘሀራ ቤት ነው። ጉዳዩን ሰምታለች። «ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎኮ ሬሳዎ ሲወጣም ቁመቴን ልኩልኝ ማለትዎ አይቀርም፣ ወላሂ!» ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መንገድ ላይ፣ ብቻዬን።
ሌላም ነገር ተናግራለች። አፋሮቹን ለምን አልጠየቅሁም? ሁለት አፋር ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ያዩትን፣ የሰሙትን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። የጨመረ ሰው ሁለተኛ አይታመንም። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ወሬ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ጥር 11
አፋሩ ሑመድ ግመሎቹን የወንዙ መሻገሪያ ላይ ያጠጣል። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ዛሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ፈተንኩት፤ እኔ የለካኋቸውን የነሐሴ ቀናት ጠየቅሁ። አንዱንም አልሳተ። ከዚያ ዘጠኙን። በመጀመሪያው ቀን ውሃው የሾላውን ሥር ነካ። በሦስተኛው የፍየል በረቱን ወሰደ። በስድስተኛው ቆመ። እየዞረ ቦታውን በበትሩ አሳየኝ። እኔ በገመድና በውሃ ልክ እየተከተልኩ ወደ ሴ.ሜ. ለወጥኩ።
«ወልዴ፣ ወንዙን የምታየው አንተ ብቻ መስሎህ ነበር?» አለኝ።
መስሎኝ ነበር።

ጥር 12
በቀይ ጻፍኩ። «ራሴ አላየሁም። ሑመድ አይቶ ነገረኝ፤ ምልክቶቹን ለካሁ።» ዶ/ሩ ኮሚቴው ይስቅብናል አለ። ወይ ይህ፣ ወይ ባዶ አልኩት። ከዚያ መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። የዛሬውን ልክ በቁራጭ ወረቀት ያዝኩ።

የካቲት 2
ቴሌ ተጠራሁ። ዶ/ሩ ነው፤ እየጮኸ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ። ዩኒቨርሲቲው መዝገቡን ቀዩን ሳይሸፍን አቅርቧል። የሳቁ ነበሩ። አንድ የእርሻ ሰው ግን አልሳቀም፤ የፓምፕ ቤት ሊሠሩ ያሰቡት ልክ የሑመድ በረት ከነበረበት ላይ ነው። ጣቢያው እስከሚመጣው ክረምት ይቆያል። ከዚያ በኋላ አይታወቅም። ለእኔ ይበቃል። በልቼ ደህና ተኛሁ።

የካቲት 3፣ ጠዋት
አዲስ መዝገብ አሰመርኩ። ሽፋኑ ላይ «የተመልካች ስም» የሚል አንድ መስመር አለ። የእኔን ጻፍኩ። ከሥሩ ሌላ መስመር ጨመርኩ። እንደ ወጉ ስም ከነአባትና ከነአያት ነው። ሑመድ ዓሊ ብዬ ቆምኩ። የአያቱን ስም አላውቅም።
ግመሎቹ ሲወርዱ ይሰማኛል። ልሂድና ልጠይቀው።