ሹክሹክታህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ውድ ጣሀ፣

ከቀበርንህ አርባ ቀን አለፈ። እኔ ቦዔዝ፣ ያ ግልፍተኛው ጓደኛህ፣ ማን እንደገደለህ ያወቅኩት ትናንት ነው። ለእናትህ ገና አልነገርኳትም። ወኔውን ከየት ላምጣው!

ሁለት ዓመት ሙሉ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ኮድ ስንጽፍ ከረምን፤ የሰው ድምፅ ጨምቆ፣ ሌላ ስልክ እንቢ በሚልበት ገጠር የሚያደርስ የስልክ መተግበሪያ። ዳታ ለመቆጠብ ዝምታን ቆርጦ የሚጥለውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። የድምፁ ጉልበት ከዚህ ቁጥር በታች የሆነ ሁሉ ዝምታ ነው አልኩ። የፈተንበት ድምፅ ደግሞ በሙሉ አሶሳ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብለን የቀዳነው ነበር።

«እናቴ ድምፁን ቀስ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ በእሱም ፈትነው» አልከኝ። እናትህን ወንድ ባደረገው አማርኛህ ሳቅኩ። ቴስቱ ሁሉ አልፏል፣ አትነዝንዘኝ አልኩህ።

ከመንጌ ወረዳ ማዶ መተግበሪያውን ልትሞክር በሄድክበት ቀን ታጣቂዎች መኪናችሁን አስቆሙ። ሾፌሩን ሞቱማን ከመሪው ጎትተው በገጀራ ቆራረጡት። አንተ ማሽላው ውስጥ ገብተህ በእኛው መተግበሪያ ደወልክልኝ። እኔ ጋ የደረሰው ጭጭ ያለ መስመር ነው። ለሙከራ ብለን ጥሪው ሁልጊዜ በስፒከር እንዲከፈት ማድረጋችንን ረስቼ፣ እንደ ልማዴ ደነፋሁብህ።

«ጣሀ! ተናገር እንጂ! አፍህ ተለጎመ?»

ወዲያው ሦስት ጥይት ጮኸ። ተኩሱንማ ጥርት አድርጎ አመጣልኝ።

ትናንት ፖሊስ ስልክህን መለሰልኝ። መተግበሪያው ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው የጥሪው ቅጂ ውስጡ አለ። በሹክሹክታ «ቦዔዝ፣ ዝም በል፤ እዚህ ናቸው» ትላለህ። ደግመህ ትላለህ። ከዚያ የእኔ ድምፅ ማሽላው ውስጥ ያስተጋባል። አንድ ሰው «ያውና!» ይላል። ይተኩሳሉ፤ አንተ ታቃስታለህ፤ ከዚያ ገጀራው ሲያርፍብህ ይሰማል። አምስት ጊዜ። ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ያን ቁጥር ሰርዤዋለሁ። ሹክሹክታህን የመጀመሪያው ቴስት አድርጌዋለሁ፤ ሹክሹክታህ ጥርት ብሎ ካልተሰማ መተግበሪያው ከዚህ በኋላ ለማንም አይሰጥም።

ነገ ስልኩን ይዤ እናትህ ዘንድ እሄዳለሁ። ድምፅህን ላሰማት። ካንተ ቀጥሎ የሚመጣው የእኔ ጩኸት ነው። እሱንም አልቆርጠውም።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ደህና ሁን ወንድሜ።

ቦዔዝ