በእርስዎ በኩል ያለው ጎማ

አባባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እንቢ አለኝ። ከተለዩን ዓመት ሞላ። ሐምሌ ዞሮ መጣ፣ ዝናቡም እንደዚያው ነው። እኔ ግን አሁንም ከውጭ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የግቢውን በር ልከፍት ብድግ እላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አብረውኝ ያድሩ የነበሩ የከተማ ልጆች አባታቸውን «አንተ» ሲሉ እሰማና እኔም አንድ ቀን ልሞክረው እል ነበር። አልወጣ አለኝ። አንቱ ስልዎ ነው የሚቀርቡኝ።

ስለ ቤቱ ልንገርዎ። እማዬ ደኅና ናት፣ ወገቧ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። የተከሉት ጌሾ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል። እኔም በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ጥቁሩን ካባ ለብሼ የተነሣሁት ፎቶ ከእርስዎ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል፤ እማዬ ግን «ከአባትሽ እኩል አትሆኝም» ብላ የኔን ትንሽ ዝቅ አድርጋዋለች። ሥራ ገና ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ማመልከቻ ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት የለም። ቁጭ ማለት ደግሞ አልችልም፣ ያውቁኛል። ገበሬው የውኃ መሳቢያ ሞተርና የበቆሎ መፈልፈያ ገዝቶ፣ ሲበላሽበት ጭኖ ከተማ ድረስ ይመጣል። እኔ ዕቃዬን ይዤ ወደ እሱ ብሄድስ አልኩ። ለዚህ ጭቃ የማይፈራ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናዋ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች።

ቪታራዎ። እርስዎ ካረፉ ወዲህ ማንም አላስነሣትም፣ ዶሮዎቹ ከሥሯ ማደር ጀምረው ነበር። እማዬ ልትሸጣት ቆርጣ፣ ቡሬ ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ መጥቶ ዙሪያዋን አይቶ፣ ፈታትቼ ለዕቃ እወስዳታለሁ ብሎ ሄደ። ለምን ብላት፣ «ቆማ ባየኋት ቁጥር አባትሽ በሩን ከፍቶ የሚወርድ ይመስለኛል፤ አልቻልኩም» አለችኝ። እንዳትሸጣት ለመንኳት። በመጨረሻ፣ «ለሙት ዓመቱ መቃብሩ ድረስ፣ ገበዝ ማርያም ውሰጅኝ። ካደረስሽኝ ያንች ናት። መንገድ ላይ ከቀረን ግን ቡሬዎች ይውሰዷት» አለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥሯ ተኝቼ ዋልኩ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ፍሬኗን አስተካከልኩ፣ የዶሮውን ኩስ አጠብኩ።

የመመረቂያ ጽሑፌን በእሷ ላይ መሥራቴን ያስታውሳሉ? ሆስፒታል ተኝተው፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አገኘሽባት?» ብለውኝ፣ ገና ስጀምርልዎ እንቅልፍ ወሰደዎት። አሁን ልጨርስልዎ።

የእርስዎዋ የመጀመሪያው ትውልድ ናት። በዚያ ዘመን አገር አቋራጭ ማለት ትልቅና ከባድ መኪና ነበር። ሠሪዎቿ ያንኑ ጠንካራ አጥንት ትንሽ መኪና ውስጥ ብናስገባውስ ብለው አሰቡ። ስለዚህ ከሥር ሁሉን የሚሸከም የብረት ሻንሲ አላት፣ ቦዲዋ በላዩ ላይ በብሎን ታስሯል። ሣጥን መስላ፣ መስታወቷ ቀጥ ብሎ፣ ስኮርታ ጎማዋን ከኋላ በሯ ላይ አዝላ የቀረችው ለዚህ ነው፤ ለጌጥ የተሠራ ነገር የላትም። ቀጥላ የመጣችው ማዕዘኖቿ ተሞረዱ፣ አፍንጫዋ ረዘመ፣ ሻንሲው ግን አልቀረም። ሦስተኛዋ ላይ ሻንሲውን ከቦዲው ጋር በየዱት። የመጨረሻዋ ጭራሽ ሻንሲ የላትም፣ ቦዲዋ ራሱ ነው ሁሉን የሚሸከመው፤ ስኮርታውም ከጀርባዋ ወርዷል። እርስዎ ቢሰሙ «ይችማ ስሙን ብቻ ነው የወረሰችው» ይሉ ነበር። እኔ ግን አልፈርድባትም፣ አባባ። ቀላል ናት፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ብትጋጭ ፊቷ ተጨማዶ ውስጥ ያለውን ሰው ያተርፋል። እሷን የሠሩትም ስለ ሰው አስበው ነው።

ከኋለኞቹ የጠፋ አንድ ነገር ግን አለ። ጭቃው ዳር ስንደርስ ያቆሙና «በይ ውረጅ» ይሉኝ ነበር። ከፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያለችውን ክብ ቁልፍ በእጅ ማዞር አለብን፤ ያለዚያ የአራት ጎማውን ማርሽ ቢያስገቡትም የፊት ጎማዎቹ ጉልበት አያገኙም። በተሳፋሪ በኩል ያለው የኔ፣ በሾፌር በኩል ያለው የእርስዎ ነበር። የእርስዎን «ቀጭ» እሰማለሁ፣ የኔንም ቀጭ አደርጋለሁ። «ገባ?» ይላሉ። «ገባ!» እላለሁ። እማዬ ከውስጥ ሆና፣ ጭቃውን በጫማችሁ ይዛችሁ ልትገቡ ነው እያለች ታጉረመርማለች።

የሙት ዓመትዎ ዕለት ማልደን ተነሣን። የእማዬ ወንድም፣ አጎቴ፣ የመጨረሻዋን ቪታራ ይዞ ከባሕር ዳር መጥቶ ስለነበር ጸሎቱን የሚያደርሱትን መሪጌታን ጭኖ ከኋላችን ተከተለ። ከጅጋ ተገንጥለን ጭቃው ሲጀምር አቆምኩ። አጎቴ አጠገባችን ደርሶ መስታወቱን ዝቅ አደረገና፣ «እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ቁልፍ ዞር ሳደርግ ይገባል። ወርዶ መጎንበስ ምንድን ነው? ስግደት ነው እንዴ?» ብሎን አለፈ።

ከሾፌሩ በር ወረድኩና እግሬ እንደለመደው ዞሮ ወደ ራሴ ጎማ ወሰደኝ። የኔን አዞርኩ። አባባ፣ «ገባ?» እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነበር።

የእማዬ በር ተከፈተ። የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ በዚያ በሚያማት ወገቧ፣ በኮፈኑ ፊት አልፋ ወደ እርስዎ በኩል ሄደች። አላየኋትም፣ መኪናዋ ጋርዳታለች። «ቀጭ» ሲል ብቻ ሰማሁ። ስንት ዘመን በመስኮት ስታይዎ ኖራለች ለካ።

«ገባ?» አለች።

ወደ ድምፁ ቀና አልኩ።

«ገባ ወይ፣ አንች ልጅ! ዝናቡ እየመታኝ ነው!»

«ገባ» አልኳት።

ብዙም ሳንርቅ አጎቴን ቦይ ውስጥ ገብቶ አገኘነው። የአካባቢው ሰዎች ገመድ ይዘው ተሰብስበዋል። የእርስዎዋን ስንት ጊዜ ጎትተው አይደል፣ ፊቷ ሥር ከሻንሲው የወጣ መንጠቆ እንዳላት ያውቃሉ። አዲሲቷም እንደዚያው መስላቸው ከፊት መከላከያዋ ከፓራውልቷ ሥር አስረዋል። «ተዉ!» ብዬ ሳልጨርስ «ሆ!» አሉ፤ ፓራውልቱ ተነቅሎ ሁሉም በጀርባቸው ጭቃው ላይ ተዘረሩ። መሪጌታ ከውስጥ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ጎትቱ አልን እንጂ ልብሷን ግፈፉ አልን?» ሲሉ እማዬ ሳቀች። ከሄዱ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። የአዲሲቷ መንጠቆ ከክሪኩ ጋር ተቀምጦ ሲያስፈልግ የሚጠመዘዝ ነው፤ አውጥቼ ገጠምኩትና በእርስዎዋ ጎትቼ አወጣኋት። አጎቴ ፓራውልቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ደረስን፣ አባባ። ጸሎቱ ተደረሰ፣ መቃብርዎ ላይ የበቀለውን ሣር በእጃችን ነቀልን። መልስ ላይ እማዬ ወደ አጎቴ መኪና ሄደች። «ቃሌ ቃል ነው፣ ያንች ናት። እኔን ግን ለስላሳይቱ ትውሰደኝ፤ ወገቤ ለዛሬ በቃው» አለችኝ። አልተቀየምኳትም።

ስለዚህ ብቻዬን ተመለስኩ። ጅጋ አስፋልቱ ላይ ስደርስ ወርጄ ቁልፎቹን ፈታሁ፣ መጀመሪያ የኔን፣ ቀጥሎ የእርስዎን። የእርስዎዋ ቁልፍ ጣት የያዘበት ቦታ ላይ ተፍቃ አልቃለች።

ሰኞ የመፍቻ ሣጥኔን ጭኜ ሥራ እጀምራለሁ። መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው፣ ክረምቱም ገና ነው። አልረሳዎትም ብዬ መማል አያስፈልገኝም፤ መኪናዎ ወርጄ ካልተጎነበስኩ አትሄድም። አጎቴ «ስግደት» ብሎ ሲቀልድ እውነቱን ነው የተናገረው። በየጭቃው ዳር እወርዳለሁ፣ በእርስዎ በኩል ያለውን የጎማ ቁልፍ መጨረሻ አዞራለሁ፣ ማንም በሌለበት «ገባ?» እላለሁ።

ልጅዎ