ቀለበታሙ ጠመንጃ

መስከረም 8፣ ጠዋት

ከርከሮ ዛሬም ገብቷል። በወንዙ በኩል ያለው በቆሎ እንዳለ ተጋድሟል። አያል ማማው ላይ ነበርኩ፣ ስጠብቅ ነው ያነጋሁት ይላል። ውሸታም! ተኝቶ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከአባባ ቀብር ወዲህ ግን ጋሼ አልለውም። ለሴት ልጅ የእርሻ ግማሽ ምን ያደርግላታል ያለው እሱ ነው። እኔን ሲያነሳ ስሜን አይጠራም፣ "መምህርቷ" ነው የሚለኝ። ደብተሬ፣ ለአንቺ ካልነገርኩ እፈነዳለሁ።

መስከ. 10፣ ከት/ቤት መልስ

የአባባ አርባ ወጣ። የነፍስ አባታችን ቄሱ መጥተው የአባባን ሁለት ጠመንጃ አካፈሉን። ሁለቱም በአፋቸው ባሩድ የሚጎርሱ አሮጌዎች ናቸው፤ ጎረቤት "ቁመህ ጠብቀኝ" እያለ ይስቅባቸዋል። ለከርከሮ ግን ይበቃሉ።

ቀደም ብዬ መርምሬያቸዋለሁ። አንዱ የብር ቀለበት ያለው፣ ለሠርግ የሚያምር። ሰደፉ ተሰንጥቋል። የመጠቅጠቂያውን ዘንግ ስከትበት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ዝገት ነው፣ ይበላው አልኩ። ሌላው ጥቁር፣ ከባድ፣ ጌጥ የለው። ዘንጉ እስከ ታች ወረደ። የኔ እሱ ነው!

ስለዚህ ቄሱ ፊት ቀለበታሙን እያሻሸሁ አደነቅኩት። አያልን አውቀዋለሁ፤ እኔ የወደድኩትን ሳይነጥቅ አያድርም። ታላቅ ነኝ፣ እኔ ልምረጥ አለ። ወሰደ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

መስከ. 11

ዘንጉ አንድ ነው፤ ከጥቁሩ ጋር እኔ ዘንድ ቀረ። አያል አልለምናትም ብሎ ከቀርከሃ ሌላ ጠርቧል አሉ። ይጥረብ። ሲኮራ ይሙት።

መስከ. 12፣ 10 ሰዓት



የአያል ሚስት እሳት ልትጭር መጥታ አወራችኝ። አዲስ ባሩድ ገዝቶ፣ ቀለበታሙን ይዞ ወደ በቆሎው ወርዷል። በቀብሩ ዕለት ያፈርኩበትን ዛሬ እክሳለሁ ብሏል።

በቀብሩ ዕለት! እንዴት ረሳሁት? ሌሎቹ ለአባባ ክብር ሲተኩሱ እሱ የያዘው ቀለበታሙ እንቢ አለ። ዝናብ ነበር፣ ባሩዱ ረጥቦ። አፍሮ እንደጎረሰ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ዘንጉን የያዘው ዝገት አይደለም፤ የቀብሩ ባሩድ ነው። እስካሁን ደርቋል። እሱም ረስቶታል፤ አሁን በላዩ ሌላ ይጨምርበታል። በርሜሉ ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው።

አባባ ዘንጉን ሳትከቺ አታጉርሺ ይሉኝ ነበር። እሱንም ብለውታል። ልኩን የሚያሳየው ዘንግ ግን እኔ ቤት ነው፤ የቀርከሃው ልክ የለውም። ጠመንጃውንም ያስመረጥኩት እኔ ነኝ።

አልወደውም። ዛሬም አልወደውም። ጥቁሩን እሰጠዋለሁ፣ ያንን እቀበለዋለሁ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር እመለሳለሁ። ከርከሮው ሲመሽ ነው የሚወጣው፣ እደርሳለሁ። ግን ማማው ሩቅ ነው፤ ከዳገቱ ላይ ሆኜ መጣራቴ አይቀርም። በስሙ ብጠራው ደግሞ እልህ ይዞት ዞር አይልም። ጋሼ ብዬ ልጠራው ነው።